ጥርጥርና እምነት በአውግስጢኖስ ሕይወት

ከትንሣኤ በኋላ በስምንተኛው ቀን የሚውለውን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዳግም ትንሣኤ ብላ ታከብረዋለች። በዚያ ዕለት የሚነበበው ወንጌል የሐዋርያው የቶማስ ነገር ነው። ቶማስ ባልንጀሮቹ የነገሩትን የትንሣኤ ዜና በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ካላረጋገጠ በቀር እንደማይቀበል ተናግሮ ነበር። ስለዚህ አነጋገሩ ከማኅበሩ አልወጣም፤ ስምንት ቀን ሙሉ እየተጠራጠረ ከወንድሞቹ ጋራ ቈየ። በሮቹ በተዘጉበት ቤት ጌታ በተገለጠ ጊዜም ቶማስ የተገኘው ከውስጥ እንጂ ከውጭ አልነበረም።

የእኛ የዘወትር አነጋገር ግን ከዚህ የጠነከረ ነው። ተጠራጣሪና ከሓዲ የሚባሉትን ሁለት ቃላት አንዱን በሌላው ስፍራ እናገባቸዋለን። አንድ ተማሪ ስለ ሃይማኖት ጥያቄ ያነሣ እንደ ሆነ ለጥያቄው መልስ ሳይሰጠው አስቀድሞ ስም ይወጣለታል፤ ስም የወጣለትም ልጅ ብዙ ጊዜ በወጣለት ስም ይጸናል። በሌላው ወገን ደግሞ ጥቂት መጻሕፍት ያገላበጠ ወጣት መጠራጠርን ራሱን እንደ ዕውቀት ቈጥሮ ይመካበታል። ተቈጪውና ተመኪው የማይስማሙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እምነትና ጥርጥር በአንድ ልብ ሊያድሩ አይችሉም በማለት ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህ አሳብ እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ከቃል ክርክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ይበልጥ ያስረዳል። ሰውየውም በአፍሪቃ የተወለደው፥ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ከታላላቅ መምህራኗ የምትቈጥረው አውግስጢኖስ ነው። የልቡን ታሪክ ኑዛዜ በተባለው፥ በ13 ክፍል በተጻፈው መጽሐፉ ራሱ ስለ ተወልን፥ ብዙውን ነገር ከባለቤቱ አፍ እንሰማለን።

አውግስጢኖስ በ354 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በዚሁ የተቈጠረ ነው) በሰሜን አፍሪቃ ታጋስጤ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዪቱ ዛሬ ሱቅ አህራስ ተብላ በአልጄርያ ውስጥ ትገኛለች። አገሩ በዚያን ጊዜ በሮማ መንግሥት ሥር ነበረ። አባቱ ጳጥሪቅዮስ መጠነኛ ርስት ያለውና በከተማው ሸንጎ የሚቀመጥ አረማዊ ሰው ሲሆን፥ የክርስትና ጥምቀት የተቀበለው ሊሞት ሲቃረብ ነው፤ እናቱ ሞኒካ ግን ጽኑ ክርስቲያን ነበረች። ልጁ አእምሮው ፈጣን ስለ ነበረ ወላጆቹ ከዓቅማቸው በላይ ወጪ እያወጡ በማዳውራ፥ በኋላም በካርቴጅ አስተማሩት። በመካከሉ ገንዘብ ስላጠረ አንድ ዓመት ያህል ትምህርቱን አቋርጦ በቤት ተቀምጧል። የተማረው የንግግር ጥበብ ነበር፤ ይህም ትምህርት በዚያ ዘመን ለጥብቅናና ለመንግሥት ሹመት በር የሚከፍት ነበር።

በ19 ዓመቱ የሮማዊውን የሲሴሮን ሆርቴንስዮስ የተባለ መጽሐፍ አነበበ። መጽሐፉ ዛሬ ከጥቂት ቍራጭ በቀር ጠፍቷል፤ ሰው ከሀብትና ከዝና ይልቅ ጥበብን እንዲወድ የሚመክር ነበር። ወጣቱ በዚህ ልቡ ተነክቶ የእናቱን ሃይማኖት መጻሕፍት ገለጠ። ይሁን እንጂ ቋንቋቸው ከሲሴሮን ያማረ አነጋገር ጋራ ሲተያይ ተራ መስሎ ስለ ታየው መልሶ ዘጋቸው። በኋላ እንደ ጻፈው፥ ያን ጊዜ የጐደለው ወደ ዝቅተኛው በር ጐንበስ ብሎ የመግባት ትሕትና ነበር።

ከዚህ በኋላ የተጠጋው ወደ ማኒ ተከታዮች ነው። ማኒ በ216 በባቢሎን ምድር የተወለደ፥ በፋርስ ነገሥታት ዘመን ያስተማረ ሰው ሲሆን፥ ብርሃንና ጨለማ ከጥንት ጀምሮ የሚዋጉ ሁለት ባሕርያት ናቸው ይል ነበር። ተከታዮቹ ወጣቱን የማረኩት በሁለት ነገር ነው። ክፉ ነገር ከወዴት መጣ ለሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ ነበራቸው፤ ደግሞም ሌሎች አስቀድማችሁ እመኑ ሲሉ እኛ በምክንያት እናስረዳለን እያሉ ይመኩ ነበር። አውግስጢኖስም ሰሚ በሚባለው ማዕርግ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከእነርሱ ጋራ ቈየ።

ሞኒካ ልጇ ወደ ማኒ ወገን መግባቱን በሰማች ጊዜ እንደ ሙት አለቀሰችለት፤ ለጊዜውም ከእርሷ ጋራ በአንድ ማእድ እንዳይቀመጥ ከለከለችው። አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳም ልጇን ተከራክሮ እንዲመልስላት ለመነችው። ይህ ጳጳስ በሕፃንነቱ በማኒ ተከታዮች መካከል ያደገ፥ መጻሕፍታቸውንም በእጁ የገለበጠ፥ ማንም ሳይከራከረው በንባብ ብቻ ስሕተታቸውን ዐውቆ የወጣ ሰው ነበር። ስለዚህ ልጁ ገና በአዲሱ ትምህርት ስለ ሰከረ ምክር እንደማይሰማ፥ እርሷ እየጸለየችለት ለጊዜው ብትተወው እያነበበ ስሕተቱን ራሱ እንደሚያገኘው ነገራት። ሴቲቱ በዕንባ አጥብቃ በያዘችው ጊዜ፥ ይህን ያህል ዕንባ የፈሰሰለት ልጅ ጠፍቶ ሊቀር እንደማይችል ነግሮ አሰናበታት። ይህ ሰው ስሙ እንኳ አልተጻፈልንም፤ ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከእርሱ የበለጠ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። ጥያቄ ያለበትን ሰው መቼ ማስተማር፥ መቼስ መታገሥ እንደሚገባ ዐውቆ ነበርና።

ነገሩም ጳጳሱ እንዳለው ሆነ። አውግስጢኖስን ከማኒ ትምህርት ያወጣው ራሱ ጥርጥር ነው። የከዋክብት ተመራማሪዎች የፀሓይንና የጨረቃን ግርዶሽ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ይናገሩ ነበር፤ የተናገሩትም በጊዜው ይፈጸማል። ማኒ ስለ ሰማይ ብርሃናት የጻፈው ግን ከዚህ ሒሳብ ጋራ አልስማማ አለው። ጥያቄውን ባቀረበ ጊዜ የወገኑ ሰዎች ፋውስጦስ የሚባለው ታላቁ መምህራቸው ሲመጣ ሁሉን ያብራራልሃል አሉት። ፋውስጦስ በ383 ገደማ ወደ ካርቴጅ መጣ፤ አንደበቱ የጣፈጠ ነበር፤ በተጠየቀ ጊዜ ግን ይህን ነገር አላውቅም ብሎ በግልጥ ተናገረ። አውግስጢኖስ አለማወቁን ስላልሸፈነ ሰውየውን ወደደው፤ በትምህርቱ ላይ የነበረው ተስፋ ግን ያን ቀን ተቈረጠ። በምክንያት እናስረዳለን ያሉት ወገኖች እነርሱም እመኑን የሚሉ ሆነው ተገኙ።

በዚያው ዓመት ወደ ሮማ፥ በ384 ደግሞ ወደ ሚላኖ ተሻግሮ በንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህርነት ተሾመ። በዚህ ጊዜ ልቡ ያዘነበለው ወደ አካዳሚያ ፈላስፎች ነበር፤ እነርሱም ሰው ምንም ነገር በርግጥ ሊያውቅ ስለማይችል ፍርዱን ሁሉ ቢያቈይ ይሻለዋል የሚሉ ናቸው። ኑሮው ተሳክቶለት ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቀን ለንጉሠ ነገሥቱ ክብር የሚያቀርበውን የውዳሴ ንግግር እያሰላሰለ ሲሄድ ጠጥቶ የሚሥቅ ለማኝ በመንገድ ላይ አየ። በዚያ ውዳሴ ብዙ ሐሰት ሊናገር እንደ ተዘጋጀ፥ የሚሰሙትም ሐሰት መሆኑን እያወቁ ሊያጨበጭቡለት እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ለማኙ በጥቂት ሳንቲም ያገኘውን ደስታ እርሱ በብዙ ድካም ሊያገኘው አለመቻሉን ለባልንጀሮቹ እያዘነ ነገራቸው። ሁሉን መጠራጠር ከስሕተት ይጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ ዕረፍት እንደማይሰጥ ያን ጊዜ ታየው።

የሚላኖ ጳጳስ አምብሮስዮስ አንደበተ ርቱዕ ነበርና አውግስጢኖስ ስብከቱን ይሰማ የነበረው አስቀድሞ ለአነጋገሩ ውበት ብሎ ነው። ቀስ በቀስ ግን ነገሩም ከቃሉ ጋራ ወደ ልቡ ገባ። አምብሮስዮስ በብሉይ ኪዳን ውስጥ ለሚሰሙት ሸካራ መስለው የሚታዩትን ቃላት በምሥጢር ይተረጕማቸው ነበር። በአገራችን የመጻሕፍት መምህር በአንድ ንባብ ላይ አንድም እያለ ሌላ ትርጓሜ ሲጨምር የሰማ ሰው ይህ እንዴት ያለ በር እንደሚከፍት ይገባዋል። አውግስጢኖስ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል የዘጋው መጽሐፍ ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ እንደ ገና ተከፈተለት።

ይሁን እንጂ ወዲያው አላመነም። ሰባትና ሦስት ዐሥር መሆናቸውን በሚያውቅበት ርግጠኝነት የማይታየውንም ነገር ሊያውቅ ይፈልግ ነበር። ይህ የብዙ ተማሪዎች ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ያገኘው የራሱን የዘወትር ኑሮ በመመርመር ነው። ያላያቸው አገሮች መኖራቸውን፥ ሳይወለድ የተደረጉ ጦርነቶች መደረጋቸውን፥ ወዳጁ የነገረው ነገር እውነት መሆኑን ያለ ማስረጃ ተቀብሎ ይኖር ነበር። ከሁሉ ይልቅ ከእነማን እንደ ተወለደ የሚያውቀው ከሰው ሰምቶ በማመን ብቻ ነው፤ ይህንም ተጠራጥሮት አያውቅም። በሰው ሁሉ ኑሮ ውስጥ ሳያዩ ማመን የሚገኝ ከሆነ፥ ማመን የሰነፎች ግብር ነው ማለት አይቻልም። ከእንግዲህ የቀረው ጥያቄ ማንን ማመን ይገባል የሚለው ነበር። ይህ ጥያቄ በሒሳብ የሚፈታ አይደለም፤ በምስክሩ ማንነትና በፍሬው የሚመዘን ነው። የክፉን አመጣጥ ጥያቄ ደግሞ በላቲን የተተረጐሙ የአፍላጦን ተከታዮች መጻሕፍት አቀለሉለት፤ ክፉ ነገር የራሱ ባሕርይ የሌለው፥ የመልካም ነገር ጕድለት መሆኑን ከእነርሱ ተረዳ።

አእምሮው ከረካ በኋላም ልቡ አመነታ። ሹመቱን፥ ዝናውን፥ የለመደውን ኑሮ መተው አልሆነለትም። በ386 በጋ ጶንጢክያኖስ የሚባል በቤተ መንግሥት የሚያገለግል የአገሩ ሰው ሊጠይቀው መጣ። እርሱም የአባ እንጦንስን ገድል በጨዋታ መካከል አነሣ፤ ሁለት የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት ያን መጽሐፍ አንብበው በዚያው ቀን አገልግሎታቸውን ትተው መመንኰሳቸውን ነገረው። በዚህ ስፍራ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ብሎ ቢያስብ ይገባል። እንጦንስ በ356 ካረፈ በኋላ ገድሉን የጻፈው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ ነው፤ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ በኢዛና ዘመን ወደ አክሱም የላከው፥ እኛም ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ብለን የምንጠራውን አባት የሾመልን እርሱ ነው። የአንድ ሰው እጅ ለአክሱም መምህር ሲልክ፥ ብዕሩ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በሚላኖ የሚያመነታውን አፍሪቃዊ ደረሰበት። ያልተማሩ ሰዎች ተነሥተው መንግሥተ ሰማያትን ሲወርሱ እኛ ከነዕውቀታችን ቀረን ብሎ አውግስጢኖስ ወደ አትክልቱ ስፍራ ወጣ። በዚያም ከጎረቤት ቤት አንሥተህ አንብብ የሚል የሕፃን ድምፅ ሰምቶ የጳውሎስን መልእክት ገለጠ፤ ዓይኑ ባረፈበት ስፍራ ያነበበው ቃል ማመንታቱን አቈመለት። በ387 በትንሣኤ ሌሊት በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። ሞኒካም በዚያው ዓመት ወደ አገሯ ለመመለስ መርከብ ስትጠብቅ ኦስትያ በሚባለው ወደብ ዐረፈች።

ብዙ ሰው ታሪኩ በዚህ የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ጥርጥር ተሸነፈ፥ እምነት ነገሠ ብሎ። አውግስጢኖስ ግን ሊጠመቅ ሲዘጋጅ ከጻፋቸው መጻሕፍት የመጀመሪያው ከአካዳሚያ ፈላስፎች ጋራ የሚከራከር ነው። እነዚያ ሰዎች እውነት አይታወቅም፥ እኛ የምንከተለው እውነት የሚመስለውን ነው ይሉ ነበር። እርሱም አባትየውን አይቶ የማያውቅ ሰው ልጁ አባቱን ይመስላል ሊል እንዴት ይችላል ብሎ መለሰላቸው። ከዚህም በላይ ሄዶ፥ የሚጠራጠር ሰው መጠራጠሩን በርግጥ እንደሚያውቅ፥ ለመጠራጠርም መኖርና ማሰብ እንዳለበት፥ ቢሳሳት እንኳ ያልኖረ ሰው ሊሳሳት እንደማይችል አስረዳ። ፈረንሳዊው ዴካርት ይህን የሚመስል አሳብ በ1637 ባሳተመ ጊዜ የአዲስ ፍልስፍና መጀመሪያ ተባለ። እንግዲህ ጥርጥር ራሱ በውስጡ አንድ እውነት ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው፤ እስከ መጨረሻው የተከተለውን ሰው ወደ እውነት ያደርሰዋል፥ በመንገድ ላይ ቤት የሠራበትን ግን ከዚያው ያስቀረዋል።

ጳጳስ ከሆነም በኋላ መጠየቁን አልተወም። ኑዛዜውን የጻፈው ከ397 ጀምሮ ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ትዝታ ምንድር ነው፥ ጊዜስ ምንድር ነው እያለ፥ ራሱም ለራሱ እንቈቅልሽ እንደ ሆነበት እየተናገረ፥ ሁሉንም ጥያቄ በጸሎት መልክ ለእግዚአብሔር ያቀርባል። የጥንት ወገኖቹን የማኒን ተከታዮች ሲከራከርም፥ እውነትን ማግኘት ምን ያህል እንደሚያደክም የማያውቅ ሰው ይቈጣችሁ ይሆናል፥ እኔ ግን ልቈጣችሁ አልችልም በሚል መንፈስ ጽፎላቸዋል። በ400 ገደማ ለአንድ ዲያቆን ስለ አዲስ ተማሪዎች አያያዝ በጻፈው መጽሐፍም መምህሩ የተማሪውን ልብ እየጠየቀ እንዲያስተምር፥ መቆም የደከመውንም እንዲያስቀምጠው ይመክራል።

ታሪክ ጸሓፊ ግን የሚያመሰግነውን ሰው ጕድለት ሊሸፍን አይገባውም። የአፍሪቃ ክርስቲያኖች በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ (303–305) ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች ስለ ሰጡ ካህናት በተነሣ ክርክር ለሁለት ተከፍለው ነበር። አውግስጢኖስ አስቀድሞ የዶናጦስን ወገኖች በቃል ማስረዳት እንጂ ማስገደድ አይገባም ይል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አኖሬዎስ በ405 አንድነትን በሕግ ካዘዘ በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። የተወለደባት ከተማ ሕዝብ ሕጉን ፈርቶ መመለሱን ምክንያት አድርጎ፥ ፍርሃት ለመማር በር ይከፍታል ሲል በ408 ጻፈ። በ411 በካርቴጅ ከሁለቱ ወገን ከ500 በላይ ጳጳሳት ተሰብስበው ተከራከሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ በዶናጦስ ወገኖች ላይ ፈረደ፥ በሚከተለው ዓመትም የገንዘብ ቅጣት ታወጀባቸው። አውግስጢኖስ ሹማምንቱ ማንንም በሞት እንዳይቀጡ አጥብቆ ለምኗል፤ ይህ ለእርሱ ሊነገርለት ይገባል። ነገር ግን የጻፈው ቃል ከእርሱ ልመና ይልቅ ረዥም ዕድሜ አገኘ። በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ ፕሮቴስታንቶችን በግድ ሲያስለውጥ እነዚያው ደብዳቤዎች በፈረንሳይኛ ታትመው ማስረጃ ሆነው ቀረቡ።

በአገራችንም ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብሎ ሕዝቡን ወደዚያው ሊያስገባ በሞከረ ጊዜ የሆነውን እናውቃለን። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ በዐዋጅ ፈቅዶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። በግድ የመጣ ሕዝብ ግድ በቀረ ጊዜ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

አውግስጢኖስ በ426ና በ427 ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ የጻፋቸውን መጻሕፍት ሁሉ እንደ ገና አንብቦ ስሕተቱን በራሱ እጅ ለማረም ተነሣ። ያገኛቸው ድርሰቶች 93፥ በክፍል ሲቈጠሩ 232 ነበሩ። ታላቅ ሊቅ ራሱን እንዲህ ሲመረምር ማየት የሚያስደንቅ ነው። ስለ ማስገደድ ግን ያረመው የቀድሞውን የገርነት አሳቡን ነው፤ ያን ጊዜ ልምድ ስላልነበረኝ ነው ብሎ ተወው። በዚህ ነገር የሚፈርድበት ከራሱ ሕይወት የበለጠ ምስክር የለም። ሞኒካ ያነጋገረችው ጳጳስ ወታደር ልኮ ቢሆን ኖሮ፥ ካርቴጅ ለፋውስጦስ ጥያቄ የሚያቀርብ አውግስጢኖስ ባልኖራትም፥ ሚላኖም ወዶ የሚጠመቅ ሰው ባላገኘች ነበር። ምናልባት ፈርቶ የተጠመቀ አንድ የንግግር መምህር ይገኝ ይሆናል፤ ኑዛዜን የሚጽፍ ሰው ግን አይገኝም።

አውግስጢኖስ ቫንዳሎች የሚባሉት ሰዎች ሂፖን ከበው ሳሉ በነሐሴ 28 ቀን 430 ዐረፈ። በመጨረሻው ሕመሙ የንስሓ መዝሙራት ተጽፈው ከአልጋው ትይዩ በግድግዳ ላይ እንዲለጠፉለት አዝዞ እያነበበ ያለቅስ እንደ ነበር ደቀ መዝሙሩ ጶሲድዮስ ይነግረናል። አርባ ዓመት ያህል ሌሎችን ያስተማረ ሰው በሞቱ ዋዜማ ይቅርታ ሲለምን ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ምክር ለሁለት ወገን ነው። የሚጠይቅ ወጣት ጥያቄውን ሳይታክት ይከተለው፤ መጽሐፍን አንድ ጊዜ ገልጦ ስለ ዘጋ ብቻ መረመርሁ አይበል፤ በሃይማኖት ላይ ያነሣውን ጥርጥር በጥርጥሩም ላይ ያንሣው። ወላጅና መምህር፥ በሥልጣን ላይ ያለም ሰው፥ ጥያቄ ሲቀርብለት እንደ ፋውስጦስ የማያውቀውን አላውቅም ማለትን፥ እንደዚያ ስሙ እንዳልተጻፈ ጳጳስም መታገሥን ይማር። ቶማስን ስምንት ቀን በመካከላቸው ያቈዩት ሐዋርያት በሩን ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ በስምንተኛው ቀን ከዚያ ቤት ባልተገኘም ነበር።